ክሪስ ቦርላንድ በ24 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ፤ ልክ ነበር

የአሜሪካ ፉትቦል ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው 15 እና 20 ዓመት ስለተጫወቱት ነው። እኔ ደግሞ ከአእምሮዬ የማይጠፋው አንድ ሲዝን ብቻ የተጫወተ ልጅ ነው። ክሪስ ቦርላንድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ለሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲ ናይነርስ ፈረመ፣ በማርች 2015 በቃኝ ብሎ ወጣ። ማንም አላባረረውም።

ልጁ የኦሃዮ ነው፣ ኬተሪንግ የምትባል ከተማ። በ2013 ለዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት ቢግ ቴን የሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ ምርጥ ተከላካይ ተብሏል። ቢሆንም ለቦታው አጭር ነው ተባለና ድራፍት ላይ፣ ቡድኖች አዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት፣ እስከ 77ኛ ተራ ቆየ። ቦታው ላይንባከር ነው። ፉትቦል ለማያይ ሰው፣ ላይንባከር ማለት ከፊት ከተደረደሩት ግዙፍ ተከላካዮች ጀርባ ቆሞ፣ ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ ቀድሞ ገምቶ፣ ተንደርድሮ ኳስ የያዘውን ሰው መሬት ላይ የሚጥል ነው። በአጭሩ ስራው መጋጨት ነው፤ ጨዋታ ላይም፣ ልምምድ ላይም።

ዕድል ያገኘው በሰው ጉዳት ነው። ናቮሮ ቦውማን ቀድሞ ተጎድቷል፣ ሲዝኑ ሳይጋመስ ደግሞ ፓትሪክ ዊሊስ የእግር ጣቱን ታሞ ወጣ። ቦርላንድ ገባ። ከሴንት ሉዊስ ራምስ ጋር በአንድ ጨዋታ 18 ታክል፣ ማለትም ኳስ የያዘ ሰው 18 ጊዜ መጣል! ከኒው ዮርክ ጃያንትስ ጋር ኢላይ ማኒንግ የወረወራቸውን ሁለት ኳሶች ነጠቀ፣ ሁለተኛዋን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል። ኖቬምበር ላይ ከሊጉ፣ ከኤንኤፍኤል፣ አዲስ ተከላካዮች የወሩ ምርጥ ተብሎ ተመረጠ። በቋሚነት የጀመረው 8 ጨዋታ ብቻ ሆኖ ታክሉ ከ100 አለፈ። እንዲህ የጀመረ ልጅ ነው የተወው።

ነገሩ የጀመረው ገና ከሲዝኑ በፊት ነው። ልምምድ ላይ ከአንድ ግዙፍ የቡድኑ ተጫዋች ጋር ተጋጨና ጭንቅላቱ ዞረበት። ኮንከሽን (በግጭት የሚመጣ የአንጎል መናወጥ) ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጠረጠረ፣ ግን ዝም ብሎ መጫወቱን ቀጠለ። ቡድን ውስጥ ለመቅረት የሚታገል አዲስ ልጅ እንዴት ብሎ ይናገራል? ቆይቶ ግን ነገሩ ከነከነው። እንዲህ እየሆነ ስንት ዓመት ሊቀጥል ነው? ማንበብ፣ ተመራማሪዎችን መጠየቅ ጀመረ።

ከስፖርቱ ሲወጣ የጠቀሳቸው ስሞች አሉ። የቀድሞ ተጫዋቹ ማይክ ዌብስተር አንዱ ነው፤ ናይጄሪያዊው ሐኪም ቤኔት ኦማሉ በ2002 ፒትስበርግ ላይ ከሞተ በኋላ አንጎሉን መርምሮ ሲቲኢ የሚባለውን፣ ከተደጋጋሚ ግጭት የሚመጣውን የአንጎል በሽታ ያገኘበት ሰው። ሌላው የቀድሞ ተጫዋች ዴቭ ዱርሰን ነው፤ አንጎሌ ይመርመር ብሎ ቃል ትቶ በ2011 ራሱን አጠፋ።

ያኔ ብዙ ሰው «ገና ጤነኛ ነህ፣ ምን አስቸኮለህ?» ብሎታል። እኔ ይሄን ክርክር ፈጽሞ አልቀበለውም። ሲቲኢ እስካሁን በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሰውየው ከሞተ በኋላ አንጎሉ ተከፍቶ ሲታይ ነው። ምልክቱ እስኪመጣ ልጠብቅ ያለ ሰው ምልክቱ ሲመጣ ምን ያደርጋል? መድኃኒት የለው። ለመወሰን የሚያመቸው ጊዜ አንድ ብቻ ነው፣ ጤነኛ የሆንክበት ጊዜ። በ2017 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ111 የኤንኤፍኤል ተጫዋቾችን አንጎል መርምረው በ110ሩ ላይ ሲቲኢ አግኝተዋል። ብዙዎቹን አንጎሎች የሰጡት ቀድሞ ችግር ያዩ ቤተሰቦች ስለሆኑ ሁሉም ተጫዋች ይታመማል ማለት አይደለም፣ ልክ ነው። ግን ቁጥሩ ያስፈራል፣ ያስፈራኛልም።

ደግሞ በነጻ አልወጣም። ውሉ የ4 ዓመት ነበር፣ ሲፈርም የተሰጠው ከ617 ሺህ ዶላር በላይ ነው። አንድ ዓመት ብቻ ስለተጫወተ ሦስት አራተኛውን መለሰ። ፈሪ ነው ያሉት ሰዎች ይህን ያህል ገንዘብ በእጃቸው ይዘው ቢሆን ይመልሱት ነበር?

ግን አንድ ነገር መካድ አልችልም። ቦርላንድ ዲግሪ ነበረው። እናቱንም ታናናሾቹንም የሚያኖረው በዚያ ደሞዝ የሆነ ልጅ፣ ጭንቅላቱ እየዞረም ቢሆን ይነሳል፣ ይጋጫል። እሱን ለምን አትተውም ልለው አልችልም። የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ በቢሊዮን የሚያገኝ ሊግ ይህን የመሰለ ከባድ ውሳኔ ገና 22 እና 23 ዓመት በሆነው ልጅ ጫንቃ ላይ ይጥለዋል።

አሜሪካ ያለን ሐበሻ ወላጆችም ልጆቻችን ሃይስኩል ሲገቡ ጥያቄው ቤታችን ይመጣል። ብዙዎቻችን «ፉትቦል ይቅርብህ፣ እግር ኳስ ተጫወት» ብለን የተገላገልን ይመስለናል። ቦርላንድ ኮንከሽን አለብህ የተባለው መጀመሪያ በ8ኛ ክፍል ነው። ያን ቀን ሲጫወት የነበረው እግር ኳስ ነው።