ሲስተም ሞልቶ የፈሰሰባት ሌሊት

የአገሬ ሰው ሰልፍ አያውቅም የሚለውን ሐሜት የቀበረችልንን ሌሊት ዛሬም አመሰግናታለሁ። አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ መጋቢት 7 ቀን 2016። ቀን ቀን «ሲስተም የለም» እየተባልን የምንመለስበት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ያን ሌሊት ሲስተሙ ሞልቶ ፈሰሰና ሂሳባችን ውስጥ ከሌለውም አወጣን፣ አስተላለፍን። ታክሲ በር ላይ በክርን የሚደቋቆስ ወጣት ኤቲኤም ፊት እንደ ጠበል ሰልፈኛ ረግቶ ቆመ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችንማ ልዩ ምስጋና ይገባቸዋል። ለፈተና ቢቀሰቅሱት የማይነቃው ልጅ «ተነስ፣ ማሽኑ እየሰጠ ነው!» ሲባል ያንዱን ነጠላ ጫማ ከሌላው አጣምሮ ደረሰ። ብቻውንም አልበላም፤ የዶርም ጓደኞቹን ቀሰቀሰ፣ ሌላ ግቢ ላለ ወንድሙ ደወለ። መተሳሰብ ጠፋ የሚሉ ሽማግሌዎች ምነው ያኔ ባዩን!

ወቅቱስ ቢሆን? ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሰኞ መጋቢት 2 አብረው ገብተው ገና የመጀመሪያው ሳምንት ነበር። ግማሻችን ከሥጋና ከወተት፣ ግማሻችን ቀኑን ሙሉ ከውኃም ጭምር ታቅበናል። ብር ግን መቼ የፍስክ ሆኖ ያውቃል?

ከሁሉ የማደንቀው ግን ሃይማኖተኛነታችንን ነው። ኤቲኤሙ ብሩን ሳይሰጥ ከሂሳባችን 200 ብር ቢቀንስ ስሕተቱ የባንኩ ነው፤ «የላቤን!» እያልን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ድረስ እንዘልቃለን። 20,000 ብር ሲተፋልን ግን ባንኩ ምን አገባው፤ እሱ በቀጥታ ከላይ የመጣ ነው። «ፈጣሪ ነው የሰጠኝ» ይላል ሰውየው፣ ፒን ቁጥሩን እንደገና እየነካካ።

ሕጉም አያሰጋንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2162 ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሀብት የበለጸገ ሰው ይካስ ይላል። የበለጸገ ነው የሚለው! እኛ ምኑን በለጸግን? ስልክ ቀየርን፣ ለእናታችን ላክን፣ በነጋታው ያው ድሃ ነን።

ባንኩ ያላግባብ ወጣ ያለው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። በአሥር ቀን ገደማ ከ600 ሚሊዮን በላይ ተመለሰለት። ሕሊናችን ያንቀላፋል እንጂ አይሞትም ማለት ነው፤ በተለይ «መልሱ፣ አለበለዚያ ፖሊስ አለ» የሚል ቀስቃሽ ካገኘ። ከ500 በላይ የሚሆኑ ጽኑዓን ግን በያዙት ጸኑ፤ ባንኩም ስማቸውን ከነፎቷቸው አደባባይ አወጣላቸው። ሌላው ሰው ለዚህ ዓይነት ዝና ስንት ዓመት ይለፋል!

እኔ ያን ሌሊት ተኝቼ ነው ያደርኩት። ጽድቅ እንዳይመስላችሁ፤ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነው። ቢሆንም ፈጣሪ ድርሻዬን አላስቀረብኝም። ባለፈው ሳምንት የሰፈራችን ባለሱቅ መቶ ብር የሰጠኝ መስሎት ሁለት መቶ መለሰልኝ። ሰው ፊት ተናግሬ እንዳላሳፍረው ብዬ ዝም አልኩ፤ አስተዳደጌ ነው። ትናንት ደግሞ አምስት ብር አጎደለብኝ። ቤቴ በር ላይ ስቆጥር ደረስኩበትና በዝናብ ተመልሼ አምስት ብሬን ተቀበልኩ።

«አይ ጋሼ» አለኝ ብሩን እየሰጠኝ፣ «እንደ እርስዎ ሒሳብ የሚያውቅ ደንበኛ የለኝም።»