ቦታ የለውም

ደሴ ላይ መኪና ልገዛ ነው ስትል መጀመሪያ የምትጠየቀው ሞተሩ ስንት ሲሲ ነው ተብለህ አይደለም። ነዳጅ ይበላል ወይ የሚልህም የለም። "ስንት ሰው ይይዛል?" ነው ጥያቄው። ጠያቂው ይህን የሚልህ ለጠቅላላ እውቀት እንዳይመስልህ። ራሱን፣ ሚስቱን፣ አማቱንና ለአረፋ የሚገዛውን በግ በልቡ ቦታ ቦታ እያስያዘ ነው።

ጎረቤቴ አሮጌ ኮሮላ አለችው። በወረቀት አምስት ሰው ትይዛለች። በተግባር ግን የሰፈር ንብረት ናት። ቀብር ትሄዳለች። ሙሽራ ታመጣለች። ምጥ የያዛት ሴት ሌሊት ሐኪም ቤት ታደርሳለች። ሰኞ ሲሆን ደግሞ ከሰኞ ገበያ ከሰልና ሽንኩርት ትጭናለች። አንድ ቀን የቅሬው (የዕድራችን) ድንኳን እንጨቶች በመስኮቷ ወጥተው ቧንቧ ውሃ ሰፈርን ስታቋርጥ አየኋት። ሾፌሩ የአክስቱ ልጅ ነበር። ባለቤቱስ? ቦታ ስላልነበረ ከኋላዋ በእግሩ ይከተላል።

ሐሳቡ ያን ቀን መጣልኝ። እኔ እምቢ ማለት የማልችል ሰው ነኝ። ወሎ ውስጥ ይህ የእኔ ብቻ በሽታ አይደለም፤ ሰው ምንም ቢለን "አብሽር!" ነው መልሳችን። ስለዚህ በእኔ ፈንታ እምቢ የሚልልኝ መኪና ያስፈልገኝ ነበር። ሁለት መቀመጫ ብቻ ያለው። አንዱ የእኔ፣ አንዱ የባለቤቴ። ለቀረው ሕዝብ መልሱ ይሉኝታም ውሸትም የሌለበት ይሆናል፦ ቦታ የለውም።

ለአንድ የኮምቦልቻ ደላላ ነገርኩት። በሳምንቱ ደወለ። "ጌታዬ፣ የሚፈልጓትን አግኝቼልዎታለሁ። ሁለት ወንበር። ጣሪያዋ የሚከፈት። ወላሂ ለእርስዎ ነው የተሠራችው" አለኝ። (ደላላ ዋጋ እስክትጠይቀው ድረስ እርስዎ ይልሃል። ቀንስ ስትለው አንተ ይልሃል።)

ወረድኩ። መኪናዋ ከአንድ መጋዘን ጀርባ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ሸራው ሲነሳ ከሥሩ ሁለት ዶሮዎች በቁጣ ወጡ። ቀይ ናት፤ ማለቴ ነበረች። ጎኗ አሁንም በርበሬ ይመስላል፤ ፀሐይ ያገኘው ኮፈኗ ግን ወደ ሽሮ ሄዷል። ቁመቷ ከደረቴ አያልፍም። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ነው ስሟ።

ያን ሌሊት ስለ እሷ ሳነብ አነጋሁ። ለሕዝብ የታየችው በፈረንጆች 1989 ቺካጎ ላይ ነው። የምትሠራው ሂሮሺማ ነው። የመጀመሪያዋ ባለ 1.6 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ 115 የፈረስ ጉልበት ገደማ፣ ክብደቷ ከአንድ ቶን በታች። የምትገፋው በኋላ እግሯ ነው። እንግሊዞች በ1960ዎቹ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ክፍት መኪኖች ይሠሩ ነበር። ቆንጆ ነበሩ፤ ግን ዘይት ያንጠባጥባሉ፣ ጠዋት አልነሳም ይላሉ። ጃፓኖቹ ያንኑ ቁንጅና ጠዋት የሚነሳ አድርገው ሠሩት። በፈረንጆች 2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ከፋብሪካ ወጣች። በዓለም ላይ ከሁለት ወንበር ስፖርት መኪኖች ሁሉ በብዛት የተሸጠች ተብላም ጊነስ መዝግቧታል።

መሐንዲሶቹ "ጂንባ ኢታይ" የሚል መመሪያ ነበራቸው። ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው። ይህን ሳነብ ደሜ ሞቀ። አያቴ ፈረሰኛ ነበር። ቆይቼ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አያቴ ብቻውን ሲጋልብ አይቼው አላውቅም። ሁልጊዜ ከኋላው የሆነ ሰው አፈናጦ ነው።

ዋጋዋ ሌላ ጉድ ነው። በሰው አገር ይቺ መኪና የስፖርት መኪና ለማይችል ደሞዝተኛ የተሠራች ናት። እኛ አገር ግን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ የሚባል መኪና የለም። ሁሉም ቅርስ ሆኗል። "ከእንግዲህ እኮ አትገባም!" ይለኛል ደላላው፣ ድምፁን እንደ መርዶ ነጋሪ ዝቅ አድርጎ። ቢሆንም ከቪትዝ ሲሶ ያህል ትረክሳለች። ለምን ብዬ ጠየቅኩት። "ወንበር የላትማ!" አለኝ። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ አሰላሁት። በወንበር ሲካፈል ከቪትዝ ትወደዳለች። ይህን ለባለቤቴ ላለመናገር ወሰንኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከደሴ ሜካኒክ ይዤ ተመለስኩ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ እጁ ላይ ያደገው ግን ኮሮላ ብቻ ነው። ኮፈኑን ከፈተ። ዝም አለ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ።

"ጋሼ፣ ባትሪዋን ሰርቀዋታል።"

ሻጩ ሳቀና የኋላውን ከፈተ። ባትሪው እዚያ፣ የዕቃ መጫኛው ጥግ ላይ ተቀምጧል። የፊትና የኋላ ክብደቷ እኩል እንዲሆን ነው አልኩት ያነበብኩትን። ሜካኒኩ የቀረችውን ባዶ ቦታ በስንዝሩ ለካት።

"ታዲያ በግ የት ሊገባ ነው?"

መብራቷን አብራ ተባለ። የዚህች መኪና የፊት መብራቶች ኮፈኑ ውስጥ ተኝተው ይውላሉ፤ ማብሪያውን ስትነካ ብቅ ይላሉ። አንዱ ብቅ አለ። ሌላው እንደተኛ ቀረ። መኪናዋ እንዲህ አንድ ዓይኗን ገልጣ ቆማ ሳለ አንዲት ወይዘሮ በፊቷ አለፉ። ቀና ብለው ያዩት መኪናዋን ሳይሆን እኔን ነበር። "አያፍርም፣ በዚህ ዕድሜው!" ብለው ነጠላቸውን አጣፉ። ደግነቱ ኮፈኑ ሥር በእጅ የሚዞር ትንሽ ቁልፍ አለ። ሜካኒኩ እሱን እያሽከረከረ ሁለተኛውን ዓይን አስነሳው።

ከዚያ ነው የእውነቱ ምርመራ የመጣው። ጣሪያዋ ጨርቅ ነው። በላዩ የወረደው ዝናብ ከወንበሩ ጀርባ ባሉ ሁለት ቀዳዳዎች አልፎ ከኋላ ጎማው ፊት መፍሰስ አለበት። ቀዳዳው በአቧራና በቅጠል ከተደፈነ ውሃው በሩ ሥር ባለው ብረት ውስጥ ይጠራቀምና ከውስጥ ይበላዋል። ከውጭ ቀለሙ ደህና ነው፤ አታውቅም። ይህንንም አንብቤ ነበር። ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ውሃ ገዛንና በቀዳዳው አፈሰስን። ሜካኒኩ መሬት ላይ ተኝቶ ጠበቀ። እኔ ተንበረከክሁ። ሻጩ ሰማይ ሰማይ ያያል። አንድ ጠብታ ወረደች። ቆየችና ሁለተኛዋ። ሦስተኛዋ። በቃ።

ግማሽ ሊትር ገባ፣ ሦስት ጠብታ ወጣ። እንዲህ ያለ ሂሳብ መሥሪያ ቤታችንም አይቻለሁ። ሜካኒኩ ጠመንጃ መፍቻውን ገልብጦ በእጀታው ብረቱን ይመታ ጀመር። ከፊት በኩል ቀው፣ ቀው፣ ቀው ይላል። ወደ ኋላ ጎማው ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ። ቂጣ የምትመታ ነው የሚመስለው።

ብልህ ሰው እዚህ ጋ ተነስቶ ቤቱ ይሄዳል። እኔ "እስቲ እንንዳት" አልኩ።

አሁን ችግሩን ተመልከቱ። መኪናዋ የሁለት ሰው ናት። እኔ መንዳት አለብኝ። ሻጩ "ይዘሃት ብትጠፋስ?" ብሎ መግባት አለበት። ሜካኒኩ የካምቢዮውን ድምፅ መስማት አለበት። ደላላው ደግሞ እሱ በሌለበት ዋጋ እንዳንነጋገር መኖር አለበት። ገና ሳልገዛት ሞላች። በመጨረሻ ሻጩ ከጎኔ ተቀመጠ። ሜካኒኩ የታጠፈው ጣሪያ ላይ ወጥቶ እግሮቹን በመሃላችን አወረደ። ደላላው ባጃጅ ኮንትራት ይዞ ተከተለን። ሒሳቡን የከፈልኩት እኔ ነኝ።

በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ አቀናን። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደሴ 2,500 ትጠጋለች። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየሺ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ደሴ እስክትደርስ ከፈረሶቹ ሩብ ያህሉ የሉም ማለት ነው። ይህም ገና አዲስ ሳለች ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት የተወለደች መኪና ስንት ፈረስ ይዛ እንደምትቀር እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ።

ግን ልመስክር። የሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ያቺ መኪና ሌላ ፍጡር ናት። ማርሿ አጭር ነው፤ በአንጓህ ብቻ ቀጭ ትላለች። መሪዋን ስታስብ ትዞራለች። መሬቱ ከመቀመጫህ ሥር ስንዝር አይሞላም፤ ጠጠሩን ሁሉ በስሙ ታውቀዋለህ። ሁለት ኩርባ ያህል ሃያ ዓመቴ ነበርኩ። ሦስተኛው ላይ አንድ አይሱዙ ፊታችን ገባ። የማርሚታው ጭስ ቁልቁል መጣ። ጣሪያ የለ፣ መስኮት የለ፤ ሁሉንም ጠጣነው። ሜካኒኩ ከላይ ሆኖ "ካምቢዮው ደህና ነው!" እያለ ይስላል።

አንድ ቦታ ላይ ፍጥነት ስንቀንስ ጋቢ የለበሱ አዛውንት እጃቸውን አነሱ። ደስ አለኝ። ይህን ነበር የጠበቅኩት።

"አባባ፣ ይቅርታ፣ ቦታ የለውም!"

አዛውንቱ ሜካኒኩን አሻቅበው አዩት።

"እሱ ከተቀመጠ እኔስ ምን ከለከለኝ?" አሉ።

ማታ ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ባለቤቴ ቡና አፍልታለች። አማቴ አሉ። ጎረቤቶች አሉ። የቅሬው ዳኛም "እንዲያው ሳልፍ" ብለው ገብተዋል። አቦሉ እስኪቀዳ ማንም ምንም አላለም። ከዚያ የሊብሬውን ኮፒ አወጣሁ። የሰው ብዛት፣ 2 ይላል። የቅሬው ዳኛ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

"ይሄ የታይፒስት ስህተት ይሆናል" አሉ።

ስህተት እንዳልሆነ አስረዳሁ። "እና ቀብር ሲኖር ስንት ሰው ታደርሳለህ?" አሉኝ። አንድ ሰው አልኩ። "አንድ!" አሉ፣ ስኒያቸውን አስቀምጠው። "ማንን?"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ባለ አምስት ወንበር መኪና ሞላ ትላለህ፤ ማንም አይቀየምህም። ሞልቷላ! አንድ ወንበር ግን መሙላት አይደለም፤ መምረጥ ነው። አንዱን ስታስቀምጥ ቀሪው ቅሬ በሙሉ ያልመረጥከው ነው። እምቢ የሚልልኝ ማሽን የገዛሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ማንን ትወዳለህ እያለ የሚያፋጥጥ ማሽን ነው።

ቶናው ሲቀዳ ድልድሉ ተጀመረ። ሰኞ አማቴ ለገበያ። ማክሰኞ ሐኪም ቀጠሮ ያላቸው ጎረቤት። ሦስቱ ልጆቼ በየተራ፣ በየቀኑ አንዳንድ። አርብ መስጊድ የሚሄዱ አባት፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ እናት። በዚህ ወሎ አያዳላም። የቅሬው ዳኛ ተራ የለባቸውም፤ ሲፈልጉ። በረካው ሲደርስ ሳምንቱ አለቀ። ያን ጊዜ ባለቤቴ እጣኑን ጣል እያደረገች ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦

"የኔ ተራ መቼ ነው?"

በማግስቱ ለደላላው ደውዬ ቀረሁ አልኩት። ቀብዴን በላኝ። "አንተ ድሮም ቪትዝ ነህ!" ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ስድብ መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

ባለፈው ጥር ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ እየወጣሁ ሳለ ሐረጎ ላይ ክላክስ በክላክስ ሆነ። ሰርግ ነው። ዞር ብዬ ባይ መኪናዋ! ኮፈኗ ታድሶ በአበባ ተሸፍኗል። ሙሽራው ይነዳል። ሙሽሪት ከጎኑ ናት፤ ቬሎዋ የሁለቱንም ወንበር ሞልቶ በመስኮት ተርፏል። ከኋላ የታጠፈው ጣሪያ ላይ ሁለት ሚዜ ተቀምጠዋል። የቪዲዮው ልጅ ደግሞ ኮፈኑ ላይ ወደ ኋላ ዞሮ ተቀምጦ ይቀርጻል። አምስት ናቸው። ቆጠርኳቸው፤ ደግሜም ቆጠርኩ። በአጠገባችን ስታልፍ አንድ ዓይኗ ብቻ ክፍት ነበር።

እኔ ባለሦስት ወንበሩ ላይ አራተኛ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ግማሽ መቀመጫዬ አየር ላይ ነው። ሚኒባሱ ሰርገኛውን ለማሳለፍ ዳር ይዞ እንደቆመ በሩ ተከፈተ። አንዲት እናት ዶሮ ታቅፈው ብቅ አሉ። ረዳቱ አያቸው፣ ከዚያ እኔን አየ።

"ጋሼ፣ እስቲ ትንሽ ጠጋ ይበሉ።"

"አብሽር" አልኩና ተጠጋሁ።