«ስንት አጠፉ?»

ደሴ ውስጥ ከሰርግ የተመለሰ ሰው፣ የሙሽራዋ መልክ ሳይነሳ በፊት የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስንት አጠፉ?» ጠያቂው ክፉ አስቦ አይደለም። አማርኛችን ገንዘብን የሚያወጣው በማጥፋት ነው። መብራት በዚሁ ግስ ይጠፋል፤ ልጅም የሚቆነጠጠው በዚሁ ግስ ነው። እናም ብር ያወጣ ሰው ገና ሳይጠየቅ ጥፋተኛ ነው። መልሱም የተከሳሽ መልስ ይመስላል፦ «ኧረ እኔ ምን አጠፋሁ፣ ለወግ ያህል ነው እንጂ!»

ግሱ የሚመረጠው ግን በብሩ ብዛት ሳይሆን በባለብሩ ማንነት ነው። የራስ ብር «ወጪ ሆነ» ይባላል፤ በገዛ እግሩ ተነስቶ እንደሄደ ሁሉ። የጎረቤት ብር ይበተናል። አላበድርም ያለ ዘመድ ብር ይባክናል። መነስነስና መርጨት የበዓል ቃላት ናቸው፤ የሚነሰነሰው ቄጤማ፣ የሚረጨው ጸበል ነውና «ብሩን ነሰነሰው» ሲባል ከሐሜቱ ሥር ትንሽ ቅናት አለች። ከባዱ መከስከስ ነው። አውሮፕላን ወድቆ ሲሰባበር ነው ተከሰከሰ የሚባለው፤ «ለቤቱ ስንት ሚሊዮን ከሰከሰ መሰለህ!» የሚል ሰው ውድቀቱን አስቀድሞ ማየት ጀምሯል።

ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ ደግሞ ማፍሰስን ያገኛል። ባለሀብት ኮምቦልቻ መጥቶ ፋብሪካ ሲተክል «መዋዕለ ንዋይ አፈሰሰ» ይባላል፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል። የፋብሪካው ወዛደር ደመወዝ በተቀበለ ማግስት ግሮሰሪ ቁጭ ብሎ ቢያፈስ ግን ያው ግስ ስድብ ይሆንበታል። የከተማው ቢራ ፋብሪካ ደግሞ ሁለቱን አገናኝቷቸዋል፦ አንዱ ያፈሰሰው ሌላው እንዲያፈስ ነው።

ደሴ በዚህ ጉዳይ የቆየ ወግ አላት። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ስመ ጥሩ አዳራሽ የግብር አዳራሽ ነው፤ ስሙም አይጠየፍ። ድሃ ሀብታም ሳይል ሁሉንም ያስተናግዳል ለማለት ነው። ያኔ ግብር ንጉሥ የሚያበላው ነበር፤ ዛሬ ግብር ሕዝብ የሚከፍለው ነው። ቃሉ ያው ነው፣ አቅጣጫው ነው የዞረው። አይጠየፍነቱን ግን ተራው ደጋሽ ወርሶታል፤ በዚህ ከተማ ከ«አባካኝ» ይልቅ የሚያመው ስድብ «ቆንቋና» ነውና።

ለዚህ ነው የደሴ ሰርግ ወጪ በነጠላ የማይሰላው። ተጋባዡ ክርስቲያንም ሙስሊምም ነው፤ ስለዚህ አራጁ ሁለት፣ ቢላው ሁለት፣ ምድጃው ሁለት፣ የሚታረደውም ሁለት። ለአንዱ ወገን ጠላ ይጠመቃል፣ ለሌላው ብርዝና ቀሪቦ ይዘጋጃል። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለ የጾም ወጥ ሦስተኛ ምድጃ ይጠይቃል። ወጡ የሚበላሸው በእሳት አይደለም፣ በጭልፋ ነው። ምሳው ሲጣደፍ አንዲት ደግ አክስት ከዚህኛው ድስት ያነሳችውን ጭልፋ እዚያኛው ውስጥ ትዘፍቃለች፤ ያ ሙሉ ድስት ላንዱ ወገን ጠፋ ማለት ነው። ልምድ ያላት ወጥ ሠሪ ስለዚህ ጭልፋውን ከድስቱ ጆሮ ጋር በገመድ ታስራለች፣ አጠገቡም የማያፍር ልጅ ታቆማለች። የሚያፍር ልጅ አክስትን አይከለክልም።

እንዲህ ያለው ድግስ «ድል ያለ» ይባላል። ድል የተመታው ማን እንደሆነ የሚታወቀው በሳምንቱ፣ አበዳሪ ሲመጣ ነው።

ቁጥር የሚያውቅ ሰው የሚለየው ሽልማት ላይ ነው። 1,000 ብር የያዘ አጎት በባለ 200 ከመጣ አምስት ጊዜ ለጥፎ ይቀመጣል፤ ዘፈኑ እንኳ አልተጋመሰም። ይህንኑ በባለ 10 ዘርዝሮ የመጣው ግን መቶ ጊዜ እጁን ያነሳል፣ ካሜራውም መቶ ጊዜ ያገኘዋል። ባለ 200ዋ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ስትመጣ የተጎዳው ይኸው ነው፤ ብሩ ከብዶ ትርዒቱ አጠረ። ደግሞም አዲስ ኖት ግንባር ላይ አይያዝም። ደረቅና ልሙጥ ስለሆነ ላብ ሳያርሰው ተንሸራቶ ይወድቃል፤ ለሽልማት የሚመረጠው እጅ ያለፋው፣ የለሰለሰ ብር ነው። ሰዓትም ይመረጣል። አምባሰል ሲዜም ሰው ይተክዛል እንጂ ኪሱ አይገባም፤ አዝማሪው ሞቅ ያለውን ጀምሮ የአባት ስም መጥራት ሲይዝ ነው መነሳት። የወደቀውን የሚለቅመው ማን እንደሆነም ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል፤ የረጪው የእህት ልጅ ከሥር እየለቀመ ከሆነ ብሩ አልተረጨም፣ ሂሳብ ተዘዋወረ እንጂ።

ከዚህ ሁሉ ግስ የሚያመልጥ ወጪም አለ። «ሰደቃ ነው»፣ «ዝክር ነው» ከተባለ ስንት ወጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ኮርማ ቢወድቅም ቆጣሪ የለውም። ሰበብ ካላገኙለት ግን ሙስሊሟ አያት አንዲት ቃል አለቻቸው፦ «ኢስራፍ!» ልክ ያለፈ ወጪ ማለት ነው፤ በአማርኛ ሦስት ግስ የሚፈጀውን በአንድ ትገላግለዋለች።

ካፌ ውስጥ ነገሩ አጭር ነው። ሁለት ማኪያቶ ተጠጥቶ «ወላሂ አትከፍልም!» እና «በማርያም ይዤሃለሁ!» ይገጥማሉ። ድሮ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚታገሉት ከኪስ ለመቅደም ነበር፤ በቴሌብር ጊዜ ግን አንዱ «ኔትወርክ እምቢ አለኝ» ካለ ትግሉ በዚያው ያበቃል። ኔትወርኩ በእርግጥ እምቢ ያለበትን ሰው ማንም አያምነውም።

ጥር ላይ፣ ዓቢይ ጾም ሳይገባ ሁሉም ሲድር፣ ድንኳን በልመና ነው የሚገኘው። ስለዚህ አከራዩ በማግስቱ በጠዋት ይመጣል። ደጋሹ ገና አልነቃም፤ ሁለት በሬ፣ ኩንታል ሙሉ ጤፍ፣ ዲኮር፣ ቪዲዮ፣ ሁሉም ወጥቶ አልቆ ተኝቷል። ወንበር ይቆጠራል። 200 ሄዶ 197 ተመልሷል።

«ጋሼ፣ ሦስት ወንበር አጥፍታችኋል።»

ሌሊቱን ሙሉ «ስንት አጠፋህ?» ሲሉት እየሳቀ ያሳለፈው ሰውዬ ነጠላውን አስተካክሎ ብድግ ይላል።

«እኔ? ሦስት ወንበር? እኔ ምንም አላጠፋሁም! እንደገና ይቆጠር!»