ውዳሴ ዘፓርኪንግ

ሰኞ ጠዋት በዶፍ ዝናብ የሕፃን ጋሪ እየገፋሁ ከመኪኖች መሀል ገባሁ። የእግረኛው መንገድ ተይዞ ነበር። ማን እንደያዘው ብነግራችሁ አዲስ ነገር አይሆንባችሁም። ሁለት ጎማ አስፋልት ላይ፣ ሁለት ጎማ እግረኛው መንገድ ላይ፣ አራቱም ፍሬቻ ብልጭ ድርግም። ሉካንም ሆነ ሌላ የደብሊን ዳርቻ ብትኖሩ ያው ነው። እኔ ግን ዛሬ ልማረር አልመጣሁም። ላመሰግን ነው።

መጀመሪያ አሳቢነታቸው። መኪናቸውን ሙሉውን አስፋልት ላይ ቢያቆሙት ሌላ ሾፌር ይቸገራል። ስለዚህ ግማሹን ሽቅብ ያወጡታል። እግረኛው እግር አለው፣ ይዙር። ዊልቸር ላይ ያለው ደግሞ ጎማ አለው፣ ከጎማ ጋር አስፋልት ይውረድ። ፍሬቻውማ እንደ ጠበል ነው። አንዴ ከበራ ኃጢአት የሚባል የለም።

ከሁሉም የማደንቀው ግን የሰፈራችንን የሳንድዊች ጀግና ነው። ሱቁ ከጀርባው ነፃ ፓርኪንግ አለው። ባዶ ነው። እስከ በሩ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ጀግናችን ግን መኪናውን በሩ ፊት ይሰቅለዋል። «ሁለት ደቂቃ ነው» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። ገብቶ ቺክን ፊሌት ሮል ያዛል። አየርላንድ ለኖረ ማብራሪያ አያሻውም፤ ላልኖረ፣ ረጅም ዳቦ ውስጥ የገባ የተጠበሰ ዶሮ ነው። ዳቦው ነጭ ይሁን ቡናማ? ቅቤ ወይስ ማዮኔዝ? ዶሮው የሚያቃጥለው ወይስ ተራው? ሰላጣ? ሽንኩርት? አይብ? አይቡ ላይ ሲደርስ ይተክዛል። ዞር ሲል ከኋላው የተሰለፈው ጎረቤቱ ነው። ስለ አየሩ ያወራሉ። ትናንት ዘንቧል። ዛሬም ዘንቧል። ነገም ሳይዘንብ አይቀርም። ይህ ሁሉ የግድ መነገር አለበት። ከዚያ ከማሽኑ ቡና ይቀዳል፤ ክዳኑ አልገጥም ይለዋል። ከዚያ ሎቶ ይቆርጣል። ከዚያ አይቡ እንዳልተጨመረለት ትዝ ይለውና ይመለሳል። ውጭ አንዲት አሮጊት በምርኩዝ መኪናውን ሲዞሩ፣ አውቶቡሱ ቆሞ ሲጠብቃቸው፣ ከአውቶቡሱ ኋላ ያለው ሰልፍ አደባባዩ ጋ ሲደርስ፣ እሱ ናፕኪን እየፈለገ ነው። ሲወጣ እጁን አንስቶ ሁሉንም ይቅርታ ይጠይቃል። በጣም ጨዋ ነው። ቱታ ለብሷል። የሚሄደው ጂም ነው፤ ትሬድሚል ላይ ሊራመድ።

ትምህርት ቤት በር ላይ ደግሞ ትንንሾቹ ከትልልቆቹ አንድ ሰዓት ቀድመው ስለሚለቀቁ ትርኢቱን በቀን ሦስቴ እናየዋለን። የመንገድ ደህንነት ባለሥልጣን ትምህርት ለሚጀምሩ ልጆች አንጸባራቂ ሰደርያ ያድላል። ልጁ ሰደርያውን አጥልቆ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እናትዬው የእግረኛው መንገድ ላይ ቆማ ለወላጆች የዋትስአፕ ግሩፕ ትጽፋለች፦ «በሩ ጋ መኪና በዝቷል፤ ልጆቻችን አደጋ ላይ ናቸው!» ሃያ ሰው አውራ ጣት ይሰጣታል። አሥራ ዘጠኙ ከኋላዋ መኪና ውስጥ ናቸው።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቁም። እግረኛ መንገድ ላይ ማቆም በ1997ቱ የትራፊክ ደንብ ክልክል ነው። ቅጣቱ 40 ዩሮ ነበር፤ ከ2022 ጀምሮ 80 ሆኗል፣ በ28 ቀን ካልተከፈለ 120። ባለፈው ወር አንድ ዓይነ ስውር ሰው በዘንጉ የመኪና በር እየዳበሰ ወደ ትራፊኩ ሲወርድ አየሁ። ሾፌሩ ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ቀና ብሎም አላየም። ለሳንድዊችና ለስልክ ብሎ የሰው ነፍስ የሚያስይዝ ሰው ምን ይባላል? አሳፋሪ!

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ። እውነት ለመናገር ምክንያት ያላቸውም አሉ። የሉካን መሀሉ ጠባብ ነው፤ የሊፊ ወንዝ ድልድዩ ራሱ የ1814 ነው፣ በጋሪ ዘመን የእነዚህን መኪኖች ስፋት ማን አስቦ? ኪራይና የቤት ዋጋ ሰማይ ስለነካ ደግሞ የሠላሳ ዓመት ልጅ ከእናት ከአባቱ ጋር ይኖራል። ለአንድ መኪና በተሠራ ግቢ አራት መኪና ይሰለፋል። ይህ ይገባኛል። ያልገባኝ ግቢው ባዶ ሆኖ ውጭ የሚያቆመው ጎረቤቴ ነው። ጠዋት ወደ ኋላ መውጣት ይሰለቸዋል። ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ ይሰልችለት።

በ2024ቱ የአካባቢ ምርጫ ሰሞን አንድ ተወዳዳሪ በሬን አንኳኳ። እዚህ አገር ለአካባቢ ምርጫ ዜግነት አይጠየቅም፤ ነዋሪ መሆን ይበቃል፣ ስለዚህ እኛንም ይለማመጡናል። በራሪ ወረቀቱ ላይ በትልቁ «ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ!» ይላል። ቀና ብዬ ሳይ መኪናው አጥሬ ሥር፣ ሁለት ጎማ ሽቅብ። መርጬዋለሁ። መንገዱ ሲሰፋ አራቱም ጎማ ይገቡለታል።