ስልክሽ መሰረቁን በስልክሽ አረጋግጪ

ጎበዝ፣ ካልተነፈስኩ ልፈነዳ ነው።

ያለፈው ሐሙስ ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ወደ ሀዋሳ ስሄድ ሻሸመኔ ላይ መኪና ቀየርኩ። ሻሸመኔን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የሀዋሳው፣ የወላይታው፣ የባሌው መንገደኛ ሁሉ እዚያ ይተራመሳል። ሚኒባሱ በር ላይ ግፊያ ነው። አንዱ ልጅ "እህቴ፣ ቀሚስሽን ነክቶሻል" አለኝ። "ተባረክ" ብዬ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል የቦርሳዬ ዚፕ ተከፍቷል። ሌባዬን መርቄ ሸኘሁት!

ይሄ እንኳ ይሁን፤ ሌባ የሌለበት አገር የለም። ያንገበገበኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው።

ረዳቱ ስልኩን አውሶኝ ወደ ራሴው ስልክ ደወልኩ። አንዴ ጠራ፣ ከዚያ ጠፋ። ለቤተሰብ ልንገር ብል የማንን ቁጥር ልምታ? በቃሌ የማውቀው ልጅ ሆኜ የሸመደድኩትን የቤታችንን መደበኛ ስልክ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከተቆረጠ ስንት ዘመኑ! የእናቴን ሞባይል አላውቀውም። "እማዬ" የሚለውን እጫናለሁ እንጂ ቁጥሩን መቼ አይቼው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪው ትሑት ሰው ነው፣ አልዋሽም። "አይኤምኢአዩን ታውቂዋለሽ?" አለኝ። የስልኩ መለያ ቁጥር ነው አሉ፤ 15 አኃዝ! "*#06# ስትነኪ ይመጣል እኮ።" በየትኛው ስልክ ልንካው ጌታዬ? "ካርቶኑም ላይ አለ።" ካርቶን ተሸክሞ ሰርግ የሚሄድ ማን ነው? ካርቶኑ አዲስ አበባ ነው፤ እናቴ መርፌና ክር አስቀምጣበታለች።

"መታወቂያስ?" የቀበሌ መታወቂያዬ ከስልኩ ከቨር ጀርባ ነበር፣ ከ200 ብር ጋር። (አትሳቁ፣ የእናንተም እዚያው ነው።) የፋይዳዬ ፎቶ ስልኩ ውስጥ። ሲም ላስቀይር ስል መታወቂያ አምጪ። መታወቂያ ላወጣ ስል የፖሊስ ወረቀት አምጪ። ለፖሊስ ወረቀቱ ካርቶን አምጪ። "ኢሜይልሽ ገብተሽ ስልኩን ከሩቅ ዝጊው" ያለኝ ዘመዴም አለ፤ ኢሜይሌን ብከፍት የማረጋገጫ ቁጥር ላክንልሽ አለኝ። ወዴት? ወደ ተሰረቀው ስልክ! ለሌባው ማለት ነው።

እኔ ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት ሌባው ሥራ ላይ ነበር። ስልኩ በፓተርን ተቆልፏል ብዬ ተዝናንቼ ነበር። ለካ ሲሙን ነቅሎ ሌላ ቀፎ ውስጥ ከከተተው ፓተርን ምን ይሠራል! ሲም የራሱ ፒን እንዳለው ያን ቀን ሰማሁ። ከፖሊስ በፊት መሮጥ የነበረብኝ መስመሩን ወደማዘጋት ነበር፤ ማን ነገረኝ! መልእክት የምንጻጻፍበትን መተግበሪያ በእኔ ቁጥር ከፈተው። ሁለተኛ የይለፍ ቃል አላበጀሁለትም ነበር። ከዚያማ ለወዳጅ ለዘመድ "ውዴ፣ ቸግሮኝ ነው፣ 3,000 ብር ላኪልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ" እያለ ሲያድል ዋለ። እኔ በሕይወቴ ማንንም "ውዴ" ብዬ አላውቅም! አንዷ ጓደኛዬ ግን ወዲያው ላከችለት። እኔ ዓምና 500 ብር ብለምናት "እጄ ላይ የለም" ያለችኝ ልጅ። እስካሁን አኩርፌያታለሁ።

በስንት መከራ ሲሙ ሲወጣልኝ ተበድሬ ባገኘሁት ስልክ ገባሁና ሌባውን ላባርረው ስል፣ መተግበሪያው ገና አሁን ስለገባሽ ሌላውን ማስወጣት አትችዪም፣ 24 ሰዓት ጠብቂ አለኝ። እኔ እንግዳ፣ እሱ ባለቤት!

"ለምን አልተጠነቀቅሽም?" የምትሉኝን አውቃችኋለሁ። ዝም በሉ።

የሀዋሳውን 25 ኪሎ ሜትር የከፈሉልኝ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ናቸው፤ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም። ወንድሜ ደግሞ የካርቶኑን ፎቶ በአክስቴ ስልክ ላከልኝ። ጣቢያው "ዋናውን" አለ። ዋናው ካርቶን በሹፌር እጅ ከአዲስ አበባ ሻሸመኔ ድረስ ብቻውን ተሳፍሮ መጣ። ስልኩ አልተገኘም፤ ካርቶኑም ከመዝገቡ ጋር እዚያው ቀረ። እማዬ በደወለች ቁጥር የምትጠይቀኝ ግን ስለ ስልኩ አይደለም።

"ካርቶኔን መቼ ነው የሚመልሱት? ክሩ በየሶፋው ሥር ተበትኗል እኮ።"