ከደጃችን ያለው መንገድ

ለንደን ውስጥ ብዙ ሰው በገዛ ቤቱ ደጅ መኪና ለማቆም በየዓመቱ ይከፍላል። ይህን ጎንደር ላለችው አክስቴ ስነግራት ማመን አቃታት። «በገዛ ደጅህ?» አለችኝ። «ደጁማ የካውንስሉ ነው» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ገንዘቡን ምን ያደርጉበታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለዚህ ጉዳይ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ዋናው ይሄ ነው።

አሠራሩን ላስረዳ። ካውንስል ማለት ነዋሪው የመረጣቸው ሰዎች የሚመሩት የአካባቢ አስተዳደር ነው። ለንደን ውስጥ 33 አሉ። እያንዳንዱ ካውንስል የራሱን ሰፈሮች በዞን ከፍሎ በየመንገዱ ሰሌዳ ይተክላል። ሰሌዳው ላይ ሰዓቱ ተጽፏል። ብዙ ቦታ ከጧቱ 2፡30 እስከ ማታው 12፡30 ያለ ፈቃድ መቆም ክልክል ነው። ፈቃዱን፣ እኛ ፐርሚት የምንለውን ማለት ነው፣ የሚያገኘው በዋናነት የዚያ ሰፈር ነዋሪ ነው። ዋጋው ከካውንስል ካውንስል ይለያያል። ብዙዎቹ ጢሱ ለበዛ መኪና ከፍ ያለ ዋጋ ያስከፍላሉ። ቤተሰቡ ሁለተኛ መኪና ካለውም ይጨምራሉ። አዲስ በተሠሩ አንዳንድ ፎቆች ውስጥ ለሚኖር ሰው ደግሞ ከነጭራሹ ፐርሚት አይሰጥም። ከፍለህም ቢሆን ቦታ ላታገኝ ትችላለህ፤ ፈቃዱ የሚሰጥህ ቦታ የመፈለግ መብት ነው።

ሰው በክፍያው ይማረራል። እኔም እማረራለሁ። ሆኖም ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለውን ነገር ሳየው አከብረዋለሁ። ካውንስሉ ዞን ከማበጀቱ በፊት ለየቤቱ ደብዳቤ ይልካል። ካርታውን፣ ሰዓቱን፣ ዋጋውን አስቀምጦ «ትፈልጋላችሁ ወይ?» ይላል። ነዋሪው በብዛት እምቢ ብሎ ዕቅዱ የተሰረዘባቸው መንገዶች አሉ። ውሳኔው ሕግ ከመሆኑ በፊትም ማስታወቂያው መንገዱ ዳር ባለ የመብራት ምሰሶ ላይ ይለጠፋል። ተቃውሞ ያለው ሰው በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያቀርባል።

ገንዘቡም ልጓም አለው። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው የመንገድ ትራፊክ ሕግ ከመንገድ ላይ ፓርኪንግ የተረፈው ገንዘብ ለተወሰኑ ነገሮች ብቻ እንዲውል ያዛል። ለፓርኪንግ፣ ለመንገድ፣ ለሕዝብ ትራንስፖርት እና ለመሳሰለው ነው። ብዙ የለንደን ካውንስሎች ለአረጋውያን ነፃ የአውቶቡስና የባቡር ጉዞ የሚከፍሉት ከዚሁ ነው። ባርኔት የሚባለው ካውንስል የነዋሪውን ፐርሚት ከ40 ፓውንድ ወደ 100፣ ነዋሪው ለሚመጣበት እንግዳ መኪና የሚገዛውን ኩፖን ደግሞ ከ1 ፓውንድ ወደ 4 ከፍ አደረገ። አንድ ነዋሪ ከሰሰ። በ2013 እ.ኤ.አ. ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለነዋሪው ፈረደ። ሕጉ የወጣው መንገድን ለማስተዳደር ነው፤ ካውንስሉ ለሌላ ወጪ ገንዘብ ለመሰብሰብ ብሎ ዋጋ ሊጨምርበት አይችልም ተባለ። አንድ ተራ ነዋሪ በመኪና ማቆሚያ ዋጋ አስተዳደርን ከሶ መርታቱን ሳስብ ዛሬም ይገርመኛል።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ልምጣ።

ለንደን ለቅሶ ስንደርስ ያለውን ነገር የደረሰበት ያውቀዋል። ቤተ ዘመዱ፣ የማኅበሩ አባል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ ይመጣል። ባለቤቷ የሞተባት ሴት ተቀምጣ እያለቀሰች፣ ልጆቿ የእንግዳ ኩፖን ያልቅ ይሆን እያሉ ይጨነቃሉ። ካውንስሎች ለአንድ ቤት በዓመት የሚሰጡት የእንግዳ ኩፖን በአብዛኛው ገደብ አለው። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሲጎርፍ ገደቡ የት ይበቃል! ስለዚህ ለቀስተኛው ማታ 12፡30 እስኪያልፍ ይጠብቃል። ቀን የመጣው ደግሞ ሰዓቱን እያየ ይቀመጣል። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ሳይጨርስ ቅጣት እንዳይለጠፍበት የሚሮጥ ሰው አይቻለሁ። ጨዋ ሰው ነው፣ ልቡ እዚያው ነው፣ ግን ይሮጣል። በ14 ቀን ከከፈልክ ቅጣቱ በግማሽ ይቀነስልሃል፤ ይህ ግን ለሐዘንተኛው ቤት ምን ይፈይድለታል? መንገዱን ለመዝጋት ወይም ጥቂት ቦታ ለማስለቀቅ አስቀድሞ ማመልከትና አብዛኛውን ጊዜም መክፈል ያስፈልጋል። ሞት ደግሞ ቀጠሮ የለውም።

ጎንደር ሰው ሲሞት ድንኳኑ መንገዱ ላይ ይተከላል። ዕድሩ ወንበሩንና ድስቱን ያመጣል። ባጃጁ ድንኳኑን ሲያይ ማንም ሳይነግረው ይዞራል። ባለ መኪናው መኪናውን አንስቶ ሌላ ቦታ ያቆማል፤ ይልቁንስ ወርዶ ለቅሶ ይደርሳል። ጥምቀት ሲደርስም እንዲሁ ነው። ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ መንገዱ የእግረኛ ይሆናል። ይህ በየትም የካውንስል መመሪያ ውስጥ ያልተጻፈ፣ ሁሉም የሚያውቀው ሕግ ነው። ጎንደር ከለንደን የምትማረው ነገር ይኖራል፤ ይሄንን ግን ማጣት የለባትም።

የምትማረው ነገር ግን በእርግጥ አለ። ከተማዋ ጠባብ ናት። የፋሲል ግቢ አካባቢ የዛሬ አራት መቶ ዓመት ገደማ ለበቅሎና ለእግረኛ የተሠራ ነው። ፒያሳን ጣሊያን ሲያንጽ ይህን ያህል መኪና ይመጣል ብሎ አላሰበም። ዛሬ ፒያሳ ላይ ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ ዕቃ የሚያራግፈው አይሱዙ እና የቆመው የቤት መኪና እኩል ይጋፋሉ። አራዳ ገበያ ዘንድ እግረኛው ከመኪኖች መሀል ተጠማዝዞ ነው የሚያልፈው። ግቢ የሌለው ባለ መኪና ሲመሽ ማሳደሪያ ፍለጋ ይዞራል፤ ወይ ግቢ ላለው ሰው ከፍሎ ያሳድራል፣ ወይ ለሰፈሩ ዘበኛ አደራ ብሎ ውጭ ይተዋል። ግቢ ሁሉ ወደ ፎቅ እየተለወጠ ሲሄድ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እንግዲህ አንድ ቀን ክፍያ መምጣቱ አይቀርም። አዲስ አበባ ላይ መንገድ ዳር ማቆም በክፍያ ከሆነ ቆይቷል።

የምሰጋው ጎንደር ላይ ሰሌዳውና ክፍያው ብቻ መጥቶ ጥያቄው እንዳይቀር ነው። አንድ ጧት ተነስተን ቀለም የተቀባ መንገድና ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው እንዳናገኝ። ለንደን ላይ ደብዳቤ በየቤቱ ይሄዳል፤ ጎንደር ላይ ከደብዳቤ የበለጠ ዕድር አለ። ዕድሩ ማን በየትኛው ቤት እንደሚኖር፣ ማን አቅመ ደካማ እንደሆነ፣ የትኛው መንገድ ለድንኳን እንደሚሆን ያውቃል። ማዘጋጃ ቤቱ ቀለሙን ከመቀባቱ በፊት ከዕድሮቹ ጋር ቢቀመጥ በወረቀት የማያገኘውን መረጃ ያገኛል። ለቅሶና ሠርግ ያለ ማመልከቻና ያለ ክፍያ እንዲስተናገዱም መመሪያው ውስጥ ከመጀመሪያው ይጻፍ።

ሌላም አለ። ለንደን ውስጥ እንኳ ከአሥር ቤተሰብ አራቱ ያህል መኪና የለውም። ጎንደር ላይ መኪና ያለው ከጥቂቱም ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ምክክሩ ሲጠራ የባለ መኪናዎች ስብሰባ ብቻ እንዳይሆን። ሕፃን አዝላ ከገበያ የምትመለሰው እናት፣ ጉሊት የምትቸረችረው፣ ተማሪው፣ በከዘራ የሚሄደው ሽማግሌ፣ ሁሉም በዚያ መንገድ ላይ ድርሻ አላቸው። ለመኪና ከሚከለለው በፊት ለእነሱ መሄጃ ይከለል።

ክፍያው ሲጀመር ደግሞ ደረሰኝ ይቆረጥ። ከፒያሳና ከአራዳ የተሰበሰበው ገንዘብ ለዚያው ሰፈር እግረኛ መንገድ፣ ቦይና መብራት ይዋል። ስንት እንደገባ፣ ለምን እንደወጣ በዓመት አንድ ጊዜ በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።