እንቆቅልሽ ለብቻ

ሥራዬ የሌሊት ፈረቃ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት እረፍት አለን። በዚያች ግማሽ ሰዓት ከተለያየ አገር የመጣን ስድስት ሰባት ሰዎች ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ እንቀመጣለን፤ ሁላችንም ስልካችን ላይ አቀርቅረን እንጂ አንነጋገርም። ተኳርፈን አይደለም። በተውሶ ቋንቋ ሲያወራ የቆየ ሰው መጨረሻ ላይ የሚናፍቀው አፉን ማሳረፍ ነው። አንዷን ቃል ሦስት ጊዜ አስቦ ማውጣት፣ "ምን አልክ?" ሲባል ደግሞ መድገም ጉልበት ይጨርሳል። ውጭ አገር የኖረ ያውቀዋል፤ አገር ቤት ላለ ሰው ግን ማስረዳት ይከብደኛል።

ሞኑመንት ቫሊ የሚባለውን ጌም የከፈትኩት ከእነዚህ ሌሊቶች በአንዱ ነው። ለንደን ያለ ኡስቱ ጌምስ የተባለ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አይዳ የምትባል ነጭ የለበሰች ትንሽ ልዕልት ጸጥ ባሉ ሕንፃዎች ላይ ትራመዳለች። መንገዷ ይቋረጣል። ተጫዋቹ ሕንፃውን በጣቱ ሲያዞረው ተራርቀው የነበሩት ሁለት ድልድዮች ለዓይን የተጋጠሙ ይመስላሉ። በዚያ ዓለም ደግሞ የተጋጠመ የመሰለ ነገር ተጋጥሟል ማለት ነውና ልጅቷ ትሻገራለች።

ዘዴው ከስልክ በፊት የነበረ ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሊዮኔል ፔንሮዝና ልጁ ሮጀር በ1958 በእውኑ ዓለም ሊሠሩ ስለማይችሉ ቅርጾች ጽሑፍ አሳትመው ነበር፤ የሆላንዱ ሠዓሊ ኤሸር ደግሞ በ1960 ቢወጡት ቢወጡት የማያልቅ ደረጃ፣ በ1961 ወደ ራሱ መነሻ ተመልሶ የሚፈስ ፏፏቴ ሠራ። እነዚያን ሥዕሎች ዓይን ይዞራቸዋል፤ እግር ግን አይገባባቸውም። የጌሙ ሰዎች እግር አስገቡባቸው። ለእኔ ትልቁ ሥራቸው ይህ ነው።

ጌሙ ሰዓት አይቆጥርም። ነጥብ የለውም፣ መሸነፍም የለውም። መንገድ የሚዘጉ ቁራ መሰል ፍጥረታት አሉ፤ ይጮኻሉ እንጂ አይጎዱም። የትኛውንም ገጽ አንስቶ ግድግዳ ላይ መስቀል ይቻላል። እኔን የያዘኝ ግን ከቀለሙ ይልቅ የቃሉ ማነስ ነው። የሚነበበው ጥቂት ነው፣ የሚያናግርህ ሰው የለም፣ አነጋገርህን የሚያርም የለም። በእናት ቋንቋዬ ማሰብ የቻልኩበት ግማሽ ሰዓት ነበር።

በሁለት ሌሊት አለቀ። አሥር ምዕራፍ ብቻ ነው ያለው።

ማጠሩ ብዙ ሰው አስቆጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ስምንት አዳዲስ ምዕራፎች ተጨማሪ ክፍያ ተጠይቆባቸው ሲወጡ፣ ከገዢዎቹ አንዳንዶቹ ተናደው ባለ አንድ ኮከብ አስተያየት ሰጡ። በቁጣቸው አልስማማም። መልካም ነገር አጭር ሊሆን ይችላል፤ ያንን ሁሉ ገጽ ለሠራ ሰው ድጋሚ መክፈል በደል አይደለም። ጉድለቱን የማየው ሌላ ቦታ ነው። ሁለተኛ ስከፍተው መልሱን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ሕንፃው ያምራል፣ ጣቴ ግን ሳያስብ ይዞራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫወቱትም ቢሆን እንቆቅልሹ ቀላል ነው። ቀላል እንዲሆንም ግድ ይመስለኛል፤ ሰው አንድ ቦታ ላይ ሲቆይ ይናደዳል፣ ሲናደድ ደግሞ ውበቱን አያይም። ጸጥታውን ለማቆየት ሲባል ፈተናው ላልቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዘ ሩም፣ ውስብስብ ሣጥኖችን እየነካኩ የሚከፍቱበት ጌም፣ ከዚህ ይበልጥ ያስቸግራል፤ ጄሰን ሮበርትስ በእጁ ሥሎ በ2017 ያወጣው ጎሮጎዋም አራት ሥዕሎችን እያንሸራተቱ ማጋጠም ነውና ራስ ያስይዛል። እነሱም ቢሆኑ አንዴ ከተፈቱ ተፈቱ ነው።

ባለፈው ዓመት አገር ቤት ገባሁ። የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስልኬን ገና ሳታየው "ጋሼ፣ ጌም አለው?" አለችኝ። ከፈትኩላት። ጥግ ይዛ ትቀመጣለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አራት ልጆች አንድ ስልክ ላይ ተደፉ። አንዷ ታዞራለች፣ ሌሎቹ ይጮኻሉ። "ወደዚህ! ኧረ በተቃራኒው! ቆይ ቆይ፣ እኔ ላሳይሽ!" ደንቡን ራሳቸው አወጡ፤ ለያንዳንዱ ልጅ አንድ ምዕራፍ፣ የተቸገረ ያስረክባል። እኔን ትንሽ ያቆመኝ ቦታ ሲደርሱ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠው ትንሹ ልጅ ስልኩን ተገልብጦ ነበር የሚያየው። "መንገዱ እኮ ከታች ነው!" አለ። እውነቱን ነበር። በዚያ ማረፊያ ክፍል ፊት ለፊቴ ሰው ተቀምጦ ያውቃል፤ እንዲያይልኝ ግን ስልኬን አዙሬለት አላውቅም።

እናቴ ከኋላቸው ቆማ ስታይ ቆየችና "ይቺ ልጅ ብቻዋን ወዴት ነው የምትሄደው? እናት የላትም?" አለች።

ጌሙን ከዳር እስከ ዳር ጨርሼው ይህን ጥያቄ አንድም ቀን አልጠየቅሁም ነበር። በ2017 የወጣው ሁለተኛው ጌም ሮ የምትባል እናትና ልጇ የሚሄዱበት ነው። በማግስቱ እሱን አወረድኩት፤ ለማውረድ ግማሽ ቀን ፈጀ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ እናትዬዋ ልጇን ብቻዋን እንድትሄድ ትሸኛታለች። እናቴ እኔንም ሸኝታኛለች፤ እዚያ ላይ ዝም አለች። ከዚያ "ይገናኛሉ?" ብላ ጠየቀችኝ። "ይገናኛሉ" አልኳት። ልጆቹ ተኝተው እንኳ፣ እስኪገናኙ ድረስ ካጠገቤ አልተነሳችም።

"እንቆቅልሽ" የሚለውን ቃላችንን ያሰብኩት ያን ማታ ነው። ለወንድ ሲሆን "እንቆቅልህ" ነው የሚባለው፤ መላሹም "ምን አውቅልህ" ይላል። ቃሉ ራሱ ውስጡ "አንቺ" እና "አንተ" አለበት፤ ጠያቂ ብቻውን ሊጨርሰው አይችልም። የስልኩ እንቆቅልሽ ግን የተሠራው ለአንድ ጣትና ለአንድ ጥንድ ዓይን ነው። ልጆቹ ሳይጠየቁ ወደ ቃሉ ትርጉም መለሱት።

አገር ቤቱን አላቆለጳጵስም። አንድ ላይ የተደፉት ስልኩ አንድ ስለሆነ ነው። የልጅቷ ታላቅ ወንድም አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ የራሱ ስልክ አለው፣ እሱም እንደኛ ጥግ ይዞ አቀርቅሮ ነው የሚያመሸው። ልዩነቱ እጁ ላይ ያለው ነገር ነው። የሱ ጌም በነፃ የወረደ ነው፤ አንድ ዙር በጨረሰ ቁጥር ማስታወቂያ ይመጣበታል፣ መዝጊያዋን ምልክት ፈልጎ እስኪያገኝ ደግሞ ሌላ ገጽ ይከፈትበታል። የሚያምረውን ለምን አትጫወትም ስለው "በምን ልክፈል?" አለኝ። ለውጭ ክፍያ የሚሆን ካርድ የለውም። ገንዘቡ ቢኖረው እንኳ መክፈያው የለም።

የሞኑመንት ቫሊ ሠሪዎች በ2015 መጀመሪያ ላይ እንዳሳወቁት፣ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ከተጫነው ጌማቸው የተከፈለበት 5 በመቶው ብቻ ነበር፤ አይፎንና አይፓድ ላይ 40 በመቶ። አንዱ ሰው አንድ ጊዜ ከፍሎ ሁለት ሦስት ስልክ ላይ ሊጭነው ይችላልና ያልተከፈለበት ሁሉ ተሰረቀ ማለት አይደለም። ቢሆንም ውጭ ያለን ሰዎች እንዲህ ያለ ቁጥር ስናይ ሌብነት ነው ብለን እናልፈዋለን። የእህቴ ልጅ ግን "በምን ልክፈል?" ብሎኛል። ሠሪውም ተጎድቷል፣ ልጁም በሩ ተዘግቶበታል። ስሪስ የተባለውን የቁጥር ጌም ሦስት ሰዎች 14 ወር ደክመው በየካቲት 2014 ለሽያጭ ሲያወጡት፣ በሳምንታት ውስጥ እሱን የሚመስል 2048 የተባለ ጌም በነፃ ወጣና ዓለምን አዳረሰ። ወንድምዬው ስልክ ላይ ያገኘሁት 2048ን ነው። ስሪስን ስሙንም ሰምቶት አያውቅም።

ለኛ ለከፈልነውም ቢሆን ዋስትና የለውም። አፕል በ2017 የስልኩን ሥርዓት ወደ አይኦኤስ 11 ሲቀይር ለቀድሞዎቹ ባለ 32 ቢት ስልኮች ተሠርተው ያልታደሱ ጌሞች ሁሉ መከፈት አቆሙ። የገዛሁት ዕቃ ቤቴ ቁጭ ብሎ ተበላሸ እንደማለት ነው። ሦስተኛው ሞኑመንት ቫሊ በታኅሣሥ 2024 ስልክ ላይ ሲመጣ ደግሞ በኔትፍሊክስ በኩል ነበር፤ ያኔ ወርሃዊ ክፍያ የሌለው ሰው ሊከፍተው አይችልም ነበር።

ስመለስ ልጅቷ "ቀጣዩን መቼ እናያለን?" አለችኝ። ያሰብነው መላ ይህ ነው። እረፍት በሆንኩ ቅዳሜ በቪዲዮ እደውላለሁ፤ ላፕቶፑን ከፍቼ ጌሙ ያለበትን ስልክ ካሜራው ፊት እይዛለሁ። አራቱም ልጆች እዚያ ማዶ ተሰብስበው ያዙኛል፤ እኔ ጣት ብቻ ነኝ። "ጋሼ፣ አዙረው! አይ፣ አልፈሃል፣ መልሰው!" ምስሉ ዘግይቶ ስለሚደርሳቸው እነሱ "አቁም" ሲሉ እኔ አልፌ እገኛለሁ። እናቴም አንዳንዴ ከኋላ ድምጿ ይሰማል፤ ልጅቷ ደረሰች ወይ ትላለች።

ባለፈው ቅዳሜ መሃል ላይ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ አልገባም። አሁን መንገዱ የት እንዳለ ይታየኛል፤ አንዴ ባዞረው ይገጥማል። ልጅቷን ድልድዩ ጫፍ ላይ እንዳቆምኳት ስልኩን ዘግቼዋለሁ። ሌሊት በእረፍቴ ከፍቼ አያታለሁ፤ እስኪደውሉ ግን አልነካትም።